ትንሿ ካሜራ ለጧፍ ብርሃን ትበቃለች?

(ምስል፦ ሁለት ካሜራዎች ጠረጴዛ ላይ፤ ትንሿ ከቡና ስኒ አጠገብ)

ጤና ይስጥልኝ። ይቺ ሶኒ አርኤክስ100 ማርክ 3 ናት። 290 ግራም ትመዝናለች፤ ኮት ኪስ ውስጥ ትገባለች። ይሄኛው ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ነው። ከ24-70 ኤፍ 2.8 ሌንሱ ጋር 1 ኪሎ ተኩል አለፍ ይላል። አንገቴን ጠይቁት።

መብራት ሲደክም ይሄን ሁሉ መሸከም ያዋጣል ወይ? የገና ሌሊት ሁለቱንም ይዤ ማኅሌት ሄድኩ። አስፈቅጄ ነው። ፍላሽ አልነካሁም፤ እዚያ ማብራት ነውር ነው። የነበረው ብርሃን ጧፍና ሁለት ደካማ አምፖል ብቻ።

(ምስል፦ ሁለቱ ሴንሰሮች በትክክለኛ ልካቸው)

ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰሩ ነው። የትንሿ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው፣ የጣት ጥፍር የሚያህል። የትልቁ 36 በ24 ነው፣ ፉል ፍሬም የሚባለው። በስፋት ከ7 እጥፍ በላይ ይበልጣታል። ብርሃን ደግሞ እንደ ካፊያ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚደርሰው። ሲያንስ አንዱ ነጥብ ብዙ ይደርሰዋል፣ ጎረቤቱ ጥቂት። አሸዋ የተበተነበት የሚመስለው ኖይዝ በብዛት ከዚህ ይመጣል። ነጩ ነጠላ ላይ አትፈልጉት። ከጀርባ ያለውን ጨለማ ጥግ እዩ፤ እዚያ ነው የሚርመሰመሰው።

መጀመሪያ የግድግዳ ሥዕል አነሳሁ። ሥዕሉ አይንቀሳቀስም። የእጄን መንቀጥቀጥ ካሜራዋ ራሷ ታረጋጋለች፣ ስለዚህ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/15 ሰከንድ ላይ፣ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራዋ የተቀበለችውን ብርሃን የምታጎላበትን ልክ፣ 800 ላይ ተውኩት። በስልክ ስክሪን ከትልቁ ጋር ባስተያየው ልዩነቱ አልታየኝም።

ከዚያ ደብተራዎቹ መቋሚያቸውን ይዘው መወዛወዝ ጀመሩ።

(ምስል፦ ጭስ የመሰለ እጅ)

በ1/15 እጃቸው ጭስ ሆነ። ካሜራዋ የእኔን እጅ እንጂ የእነሱን አታረጋጋም። 1/125 አደረግኩት። ብርሃኑ በ8 እጥፍ ቀነሰ፣ አይኤስኦው 6400 ገባ። በትንሿ የአንዱ ደብተራ ጢም በውሃ እንደታጠበ ቀለም ሆነ። በትልቁ ኖይዝ አለ፣ ግን የፊታቸው ቀለም አልጠፋም።

እንግዲህ ትልቁን ግዙ ልል ነው? ቆይ፣ ሌንሱ አለ።

ኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ትንሿ እስከ መጨረሻው ዙም ስትደረግ ኤፍ 2.8 ነች። ትልቁን አብሮት ከሚሸጠው 28-70 ኪት ሌንስ ጋር ብትይዙትና ዙም ብታደርጉ ኤፍ 5.6 ላይ ይወድቃል። አስሉት፤ ያ 7 እጥፍ ብልጫ 2 እጥፍ እንኳ አይሞላም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ብሬን በሙሉ አካሉ ላይ ጨርሼ ለሌንስ አልተረፈኝም። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ የወጣውን ጉድ አላሳያችሁም።

50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ግን 186 ግራም ብቻ ነው፣ ዋጋውም ከ24-70ው በብዙ ያንሳል። ከትልቁ ጋር ሲገጠም ትንሿ በኤፍ 2.8 ከምትሰበስበው ብርሃን 18 እጥፍ ያህል ይሰበስባል። ጠቅላላ ክብደቱ 836 ግራም። ዙም የለውም፣ በእግር መጠጋት ነው። ማኅሌት መሃል ደግሞ ዘው ተብሎ አይገባም፤ ያነሳሁት ሁሉ ከዳር ነው።

ለሠርግና ለማኅሌት እኔ ይሄንን እይዛለሁ። ለቤት ቡናና ለመንገድ ትንሿ ትበቃኛለች።

(ምስል፦ የመጨረሻው ፎቶ)

ይቺን ፎቶ እዩልኝ። እኚህ እናት ጧፋቸውን ከነፋስ በመዳፋቸው ከልለዋል። ነበልባሉ ከፊታቸው አንድ ስንዝር አይርቅም፣ እሳቸውም ዝም ብለው ቆመዋል። አይኤስኦ 400 በቂ ነበር። በትንሿ ነው ያነሳኋት። ትልቁ ቦርሳ ውስጥ ነበር፣ ትከሻዬ ደክሞ።