በወዳጅ ስም የሚያንኳኳ ሌባ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የማኅበራችን ሽማግሌዎች፣ እንዲሁም የቅዳሜ ጨዋታችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ።

በኮምፒውተር ደኅንነት ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ከወላጆች ደጋግሜ የምሰማው አንድ ቃል አለ፤ «የጌም ነገር ነው፤ ቢሰረቅስ ምን ይመጣል?» የሚል። ስለ ጨዋታ አካውንት ሌቦች እንድናገር ስትጋብዙኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንን ጥያቄ ሳልንቅ መመለስ እንደሚገባኝ ነው።

ስቲም የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታዎች መደብር ልጆቻችሁ በሚገባ ያውቁታል። የመደብሩ ባለቤት ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2011 ተጫዋቾች የጨዋታ ውስጥ ዕቃ እርስ በርሳቸው እንዲለዋወጡ ፈቀደ፤ በ2013 ደግሞ ካውንተር ስትራይክ በተባለው ጨዋታ ውስጥ «ስኪን» የሚባሉትን የመሣሪያ ቀለሞችና ጌጦች አስገባ። ስኪን ተኩስ አያሻሽልም፣ ተጫዋቹንም አያጠነክርም፤ መልክ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ብርቅ የሆነው በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር፤ ለሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ የምናወጣውን ገንዘብ ሳስብ ግን ሳቄን ዋጥኩት። ገንዘብ ካለበት ሌባ አይጠፋምና፣ ቫልቭ ራሱ በ2015 መጨረሻ ባወጣው መግለጫ በየወሩ ወደ 77,000 የሚጠጉ አካውንቶች ተነጥቀው እንደሚመዘበሩ፣ የዕቃ ልውውጥ ከተጀመረ ወዲህም ችግሩ 20 እጥፍ እንዳደገ አስታወቀ። ከዚያ መግለጫ ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም፤ የተዘረፉት ጀማሪዎችና የዋሆች ሳይሆኑ በውድድር የሚተዳደሩ ተጫዋቾችና ልምድ ያላቸው ዕቃ ነጋዴዎች ጭምር መሆናቸው ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ቢታለል ሞኝ ስለሆነ ነው አትበሉ።

ብልሃቱ አዲስ አይደለም፤ እንዲያውም ያደገው እዚሁ ሰፈራችን ነው ማለት ይቻላል። ብዙዎቻችን ወደ አዲስ አበባ ስንበርር የምንሳፈርበት፣ ዋሽንግተን አጠገብ ያለው የደለስ አየር ማረፊያ አካባቢ ዋና መሥሪያ ቤት የነበረው የኢንተርኔት አገልግሎት ኩባንያ አሜሪካ ኦንላይን፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደንበኞቹ የኩባንያው ሠራተኞች ነን በሚሉ አጭበርባሪዎች ይታለሉበት ነበር። አጭበርባሪዎቹ «አካውንትዎን ለማረጋገጥ የይለፍ ቃልዎን ይላኩልን» እያሉ ይጽፉ ነበር፤ ኩባንያውም ሠራተኞቹ የይለፍ ቃል ፈጽሞ እንደማይጠይቁ በመልእክት መስኮቱ ላይ እስከ መጻፍ ደረሰ። ዓሣ ማጥመድ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተቀዳው «ፊሺንግ» የሚለው ስም የተለመደው በዚያን ዘመን ነው።

የዛሬው መንጠቆ ግን እጅግ ረቅቋል። የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ሳለ፣ ሁለት ዓመት አብሮት ከተጫወተ ልጅ «ቡድናችን ውድድር ላይ ነው፤ እባክህ ድምፅ ስጠን» የሚል መልእክትና ሊንክ ደረሰው። ጓደኛው እውነተኛ ነው፣ አካውንቱም የራሱ ነው፤ መልእክቱን የጻፈው ግን አካውንቱን ቀድሞ የነጠቀው ሌባ ነበር። ገጹ ድምፅ ለመስጠት መጀመሪያ በጨዋታ አካውንትህ ግባ አለው። ስሙን፣ የይለፍ ቃሉን፣ በስልኩ የመጣለትንም የማረጋገጫ ኮድ ጻፈ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ኮዱ ለምን አላዳነውም? የሐሰቱ ገጽ ከልጁ የተቀበለውን ሁሉ በዚያችው ቅጽበት ወደ እውነተኛው ድረ ገጽ ስለሚያስተላልፍ፣ ልጁ ኮዱን ሲጽፍ በሩን የከፈተው ለሌባው ነው። አንዳንዶቹ ገጾች ደግሞ ኮድ እንኳ አይጠይቁም፤ በስልክህ ካሜራ አንሳው የሚል ባለ ጥቁር ነጥብ ሥዕል (ኪውአር ኮድ) ያቀርባሉ፤ ልጁም አንሥቶ ሲያጸድቅ የሌባውን ኮምፒውተር በገዛ እጁ ያስገባል።

«አድራሻውን አንብቡ፣ የቁልፉን ምልክት እዩ» የሚለው የቆየ ምክርም ብቻውን አይበቃም። ከ2022 ወዲህ በስፋት የታወቀ አንድ ዘዴ አለ፤ ሌባው በራሱ ገጽ ውስጥ ሌላ ትንሽ መስኮት ይሥላል፤ መስኮቱ የእውነተኛውን ድረ ገጽ አድራሻ ከነቁልፉ ምልክት ያሳያል፤ ግን ሥዕል ብቻ ነው። ልጆች፣ ፈተናው ቀላል ነው፤ መስኮቱን በማውዝ ይዛችሁ ከዋናው መስኮት ጠርዝ ውጭ ለመጎተት ሞክሩ። እውነተኛ ከሆነ ይወጣል፤ የተሣለ ከሆነ ጠርዙ ላይ ይቆማል። የይለፍ ቃል የሚያስቀምጥላችሁ ፕሮግራም ካላችሁ ደግሞ እሱን እመኑት፤ ዓይናችሁ ቢሳሳትም እሱ የማያውቀው አድራሻ ላይ ቃሉን አይሞላም።

ሌላው መንገድ ማስፈራራት ነው። ተጫዋቾች በሚጻጻፉበት በዲስኮርድ አንድ ሰው ይመጣና «ወንድሜ ይቅርታ፣ አጭበርባሪ መስለኸኝ በስህተት ሪፖርት አድርጌሃለሁ፤ አካውንትህ ሊዘጋ ነው፤ ይህን የስቲም ሠራተኛ በቶሎ አነጋግረው» ይላል። «ሠራተኛው» ተባባሪው ነው። በዲስኮርድ ቀርቦ አካውንት የሚያጣራ የስቲም ሠራተኛ የለም።

ሮብሎክስ ለሚጫወቱት ታናናሾች ማጥመጃው ነፃ ሮበክስ፣ ማለትም የጨዋታው መገበያያ ገንዘብ ነው። ነፃ ሮበክስ የሚያመርት ገጽ የለም፤ ይህን አላራዝመውም። አንድ ነገር ግን ወላጆች እወቁ፤ ልጁ ከገባ በኋላ በኮምፒውተሩ የሚቀመጥ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት አለ፤ ያ ሰንሰለት በሌባ እጅ ከገባ የይለፍ ቃል ሳያስፈልገው ይገባል። ለዚህም ነው ሮብሎክስ ሰንሰለቱን የሚጀምረው «ይህን ለማንም አታጋሩ» በሚል ማስጠንቀቂያ። «ይህን ፋይል ላክልኝ፣ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ለጥፍ» የሚል ሁሉ የሚፈልገው ያንን ነው።

የእኛ ልጆች ደግሞ ሌባው የማይጠብቀው አንድ መሣሪያ አላቸው። ብዙዎቻችሁ አዲስ አበባ ካለው የአጎታችሁ ልጅ ወይም እስራኤል ካለችው የአክስታችሁ ልጅ ጋር ትጫወታላችሁ። ሁልጊዜ «አንቺዬ» እያለች በአማርኛ የምትጽፍላችሁ ልጅ ድንገት በተስተካከለ እንግሊዝኛ ሊንክ ብትልክ፣ ደውሉላት፤ ድምፅዋን ስሙ። በዚያው በጨዋታው መልእክት «እውነት አንቺ ነሽ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን «አዎ» የሚላችሁ ሌባው ነው።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። አካውንቱ በደቂቃዎች ውስጥ ተወሰደ፤ እሱ ግን ለእናቱ የነገራት በአራተኛው ቀን ነበር። ጨዋታዎቹ የተገዙት በእሷ ካርድ ስለነበር ቁጣዋን ፈራ። በነዚያ አራት ቀናት ሌባው በእሱ ስም ለጓደኞቹ ሁሉ ያንኑ ሊንክ ላከ፣ ከእነሱም ሁለቱ ተጠመዱ፤ የኢሜይሉ የይለፍ ቃል ተመሳሳይ ስለነበር ኢሜይሉም ተከተለ። እህቴ ያን ዕለት ጮኸችበት። አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን እጮህ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ታናሽ እህቱ ኮምፒውተሩ ላይ ችግር ሲገጥማት የምትመጣው ወደ እኔ ነው፣ ወደ እናቷ አይደለም።

ለዚህም ነው አካውንት በተሰረቀበት ሰዓት የሚደረገውን ለወላጆች የምናገረው። መጀመሪያ ልጁን «መቼ ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ «ለምን?» የሚለው ይቆያችሁ። ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ቀይሩ፣ ከዚያ የጨዋታውን፤ ቀጥላችሁም ሌሎች መሣሪያዎችን ሁሉ ከአካውንቱ አስወጡ። ስቲም ከሆነ፣ ሌባው ሌላ ፕሮግራም አካውንቱን እንዲያይና እንዲያዝዝ የሚያስችል «ኤፒአይ ኪ» የተባለ ቁልፍ በአካውንቱ ላይ ከፍቶ እንደሆነ አረጋግጡና ሰርዙት፤ በዚያ ቁልፍ የልጁን ልውውጥ እየተከታተለ፣ እውነተኛውን ሰርዞ በጓደኛው ስምና ፎቶ የተመሰለ ሌላ ጥያቄ ይልካል። የድጋፍ ክፍሉን አድራሻ ራሳችሁ ጻፉ፤ ከፍለጋ ውጤት ወይም ከመልእክት አትውሰዱ። ባለቤትነታችሁን የሚያስረዱት የግዢ ደረሰኞች ናቸውና አትጣሏቸው፤ የስጦታ ካርዶችንም ፎቶ አንሡ። ካርዳችሁ ተነክቶ ከሆነ ወደ ባንካችሁ ደውሉ፤ ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከልም ማመልከት ይቻላል።

የቀናት ልዩነት ዋጋ እንዳለው አንድ ማስረጃ ልጨምር። የስቲም የድጋፍ ክፍል ከአካውንት የወጣን ዕቃ እንደማይመልስ ለዓመታት ሲናገር ቆይቷል፤ ከ2025 ወዲህ ግን የካውንተር ስትራይክ ዕቃ በልውውጥ ከወጣ፣ ባለቤቱ በ7 ቀን ውስጥ ልውውጡን መቀልበስ ይችላል። በስምንተኛው ቀን የሚነግራችሁ ልጅ ይህ ዕድል አልፎታል።

ንግግሬን እዚህ ላቁምና ወደ ሥራ እንግባ። በስተግራ ባሉት ጠረጴዛዎች የተቀመጡት ወጣቶች ከይለፍ ቃል ሌላ የስልክ ኮድ የሚጠይቀውን የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብረዋችሁ ይከፍታሉ። እናቶችና አባቶች፣ ስልካችሁን ለልጃችሁ አሳልፋችሁ አትስጡ፤ ልጁ ያሳያችሁ፣ የምትነኩት ግን እናንተ ሁኑ። የኢሜይል የይለፍ ቃሉን የረሳ ካለ ወደ እኔ ይምጣ፤ ከእሱ ነው የምንጀምረው።