አንድ ሥልጠና ከደብዳቤ እስከ ኦዲት፦ በጎንደር የፕሮጀክት ቢሮ የአስተዳደር ድጋፍ ሥራ

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ማኅተም፣ ደብዳቤ፣ የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ)

በውጭ ድርጅት ገንዘብ በሚንቀሳቀስ የልማት ፕሮጀክት ውስጥ የአስተዳደር ረዳት ምን ይሠራል? የሥራ ዝርዝሩን ከማንበብ አንድ ሥራ ይዞ እስከ መጨረሻው መከተል ይሻላል። ጎንደር ከተማ ላይ ለ2 ቀን የሚሰጥ፣ 30 የወረዳ ባለሙያዎች የሚሳተፉበት ሥልጠና እንውሰድ። ከዚህ ሥልጠና የሚወጣውን ወረቀት ሁለት ዓይነት ሰው ያነበዋል፦ አንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሰው ነው፣ ሌላው ጎንደርን በካርታ ብቻ የሚያውቅ የለጋሹ ኦዲተር። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ወረቀቱ ለአንዱ ብቻ ታስቦ ሲዘጋጅ ነው።

(ጽሑፍ በስክሪን፦ ቀን መቁረጥ)

ጥር 10፣ 11 እና 12ን ተዉአቸው። ለጥምቀት ጎንደር ላይ አልጋ አስቀድሞ ያልቃል፤ ዋጋውም ይንራል። ለጋሹ ለአልጋ የሚፈቅደው ከፍተኛ ዋጋ ግን በዓል አያውቅም። ሰኔም አይመችም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የወረዳ ሰው ከቢሮው አይነቃነቅም፤ ቢመጣም ስልኩ አያርፍም።

ቀኑ ከተቆረጠ ደብዳቤው ለዞን መምሪያ ይጻፋል፣ ግልባጩ ለወረዳዎች ይደርሳል። ማክሰኚት ማዕከላዊ ጎንደር፣ ደባርቅ ሰሜን ጎንደር ዞን ስለሆኑ ሁለት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ተጋባዡን በስሙ ሳይሆን በሥራ መደቡ ጥሩት፤ ሰውየው ቢዛወር ደብዳቤው ዋጋ አያጣም። ሰዓቱን «ከጠዋቱ 2፡30» ብላችሁ ጻፉ። ከእንግሊዝኛው ፕሮግራም ላይ «8፡30» ተብሎ እንዳለ የተገለበጠ ደብዳቤ ሰውን ከምሳ በኋላ ነው የሚያመጣው። አበልና ትራንስፖርት በፕሮጀክቱ እንደሚሸፈን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገርም ይግባ። ይህ ካልተጻፈ ወረዳውም ሊከፍል ይችላል፤ ለአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የተከፈለ አበል ደግሞ ኦዲት ላይ ተመላሽ ይጠየቃል።

ደብዳቤውን በቴሌግራም መላክ ያፋጥናል፤ ቢሆንም የመዝገብ ቤቱን አይተካም። ቀሪው ቅጂ ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን አስፈርማችሁ ፋይል አድርጉ።

(ጽሑፍ በስክሪን፦ ሆቴል መምረጥ)

ከሦስት ሆቴሎች ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይሰበሰባል። ለሦስቱም የሚሰጠው ዝርዝር ቃል በቃል አንድ መሆን አለበት፦ የአዳራሽ ስፋት፣ የሻይ ዕረፍት ብዛት፣ ውኃ፣ ምሳ፣ ጄኔሬተር። ዋጋ ስታነጻጽሩ ከታች በደቃቁ የተጻፈውን እዩ። አንዱ ሆቴል ሁሉን ጨምሮ ይጽፋል፤ ሌላው ሰርቪስ ቻርጅና ቫት አልጨመረም። ለአንድ ሰው 1,000 ብር ያለ ሆቴል 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨምር 1,100 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት 165 ብር ነው፤ በድምሩ 1,265። ርካሽ የመሰለው ከሁሉም ውድ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ምሳ ላይ ረቡዕና ዓርብን፣ አጽዋማትንም ቁጠሩ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሚቀመጥበት ማዕድ የሥጋው ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የጾም ቡፌ ብዙ ጥያቄ በአንዴ ይዘጋል። ውሉ ላይ ደግሞ የሚከፈለው በመጣው ሰው ልክ መሆኑን፣ ዝቅተኛው ቁጥርም ስንት እንደሆነ አስፍሩ። 30 ታዞ 26 ሲመጣ የ4ቱን ምሳ ማን ይከፍላል የሚለው ክርክር የሚነሣው ይህ ሲዘለል ነው።

ለሆቴሉ ከሚከፈለው ላይ ቅድመ ግብር (ከፋዩ ቀንሶ ለግብር ቢሮ የሚያስገባው) ይቀነሳል። ስሌቱ ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው፤ ቫቱን ጨምሮ ማስላት የተለመደ ስሕተት ነው። ምጣኔው ለዓመታት 2 በመቶ ቆይቶ ስለተሻሻለ የድሮውን የኤክሴል ቀመር እንዳለ አትቅዱ። የተቀነሰበትን ደረሰኝ ለሆቴሉ ስጡ፤ አለዚያ በግብር ወቅት ሊጠይቃችሁ ይመጣል።

(ጽሑፍ በስክሪን፦ የአበል ሠንጠረዥ)

ከደባርቅ የሚመጣው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ከዋዜማው ያድራል፤ ከማክሰኚት የሚመጣው ጠዋት ተነሥቶ ይደርሳል። የአዳሩ ብዛት በየወረዳው አስቀድሞ ካልተጻፈ ክርክሩ የሚነሣው ክፍያ ላይ፣ ሰው መኪና ሊያመልጠው ሲል ነው።

ስም በመታወቂያው መሠረት እስከ አያት ይጻፍ። የውጭው ቢሮ ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የለንም። አንድ ጊዜ የአባት ስም፣ ሌላ ጊዜ የአያት ስም ከሞላችሁ ያው ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። አንዱን መርጣችሁ በሁሉም ሰነድ ጽኑ። በላቲን ፊደል ሲጻፍም ከባንክ ደብተሩ ላይ ገልብጡ፤ አንዲት ፊደል ከተለየች ዝውውሩ ሊመለስ ይችላል።

መገኘታቸውን ጠዋትና ከሰዓት አስፈርሙ። አንድ ሰው ለሦስት ባልደረቦቹ ሲፈርም በእጅ ጽሑፉ ይታወቃል፤ ኦዲተር መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። የተተካ ተሳታፊ ካለ ከወረዳው የመተኪያ ደብዳቤ ያምጣ።

(ጽሑፍ በስክሪን፦ ደረሰኝና የቀን ጣጣ)

የማሽን ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ነው። መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ይጠቁራል፤ ፕላስተር ሲለጠፍበት ጽሑፉ ይጠፋል። በመጣበት ቀን ኮፒ አድርጋችሁ ከዋናው ጋር በስቴፕለር አያይዙ። የድርጅታችሁ ስምና ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር መኖሩን ገንዘብ ተቀባዩ ፊት ቆማችሁ አረጋግጡ፤ ማግስቱን ማስተካከል ልመና ነው። ከፒያሳ አዘዞ ለወሰደ ባጃጅ ደረሰኝ ስለማይገኝ የሰሌዳ ቁጥር፣ መነሻና መድረሻ፣ የብር መጠንና የሹፌሩ ፊርማ ያለበት የክፍያ ማረጋገጫ ቅጽ ይሞላል፤ ይህ በድርጅቱ መመሪያ ከተፈቀደ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የማሽን ደረሰኝ ብዙ ጊዜ ቀኑን በፈረንጆች ያትማል፤ በእጅ የሚጻፈው በእኛ ነው። ሁለቱ አንድ ፋይል ውስጥ ይገባሉ። መስከረም 5 ቀን 2018 ተብሎ በእጅ የተጻፈን ደረሰኝ «05/01/2018» ብላችሁ ኤክሴል ላይ ብታስገቡ ፕሮግራሙ ሳያጉረመርም ይቀበላል፤ ግን የፈረንጅ 2018 አድርጎ። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025 ነው። ኦዲተሩ ወጪውን ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት የተደረገ አድርጎ ያየዋል። ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነች፣ ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ የተስተካከለ ኤክሴል ቀን መሆኗን አያምንም፤ እንደ ጽሑፍ ይይዛታል፣ ቅደም ተከተሉም ይበላሻል። ጥቅምት 30ም «30/02» ሲባል ያው ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የላትም።

መፍትሔው ሁለት ዓምድ ነው። በአንዱ የኢትዮጵያ ቀን፣ ፊቱ ላይ ነጠላ ጥቅስ አድርጋችሁ እንደ ጽሑፍ፤ በሌላው የተቀየረው ቀን። የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። ዋናው ደረሰኝ ላይ ምንም አትጻፉ፤ የተቀየረውን ቀንና አጭር የእንግሊዝኛ ማብራሪያ የክፍያ ቫውቸሩ ላይ አስፍሩ።

የለጋሹ ዓመት ሴፕቴምበር 30 የሚዘጋ ከሆነ ያ ቀን መስከረም 20 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ደግሞ 19። መስከረም 16 እና 17 ሥልጠና ሰጥታችሁ ሆቴሉ ደረሰኙን መስከረም 24 ቢቆርጥ ወጪው የየትኛው ዓመት ነው ያሰኛል። ለፋይናንስ ቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ እንዲይዙት።

(ጽሑፍ በስክሪን፦ የወጪ መደብና ርክክብ)

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪን ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳያልፍ ገድቧል። የሥልጠናው አዳራሽና አበል የፕሮጀክት ወጪ ነው። የቢሮው ኪራይ ግን የአስተዳደር ወጪ ሊሆን ይችላል። ቶነር (የፕሪንተር ቀለም) ሲገዛም ለሥልጠናው ይሁን ለቢሮው የግዥ መጠየቂያው ላይ ካልተጻፈ ሒሳብ ሹሙ የመሰለው መደብ ውስጥ ይከተዋል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ መለየትም አይቻልም።

ከሥልጠናው በኋላ ላፕቶፕ ወይም ፕሪንተር ለወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሰጥ ከሆነ የስጦታ ደብዳቤና የርክክብ ፎቶ አይበቃም። ጽሕፈት ቤቱ ንብረቱን በሞዴል 19 (የመንግሥት የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ አድርጎ ቅጂውን ይስጣችሁ፤ ሴሪያል ቁጥሩ ሞዴሉ ላይና የእናንተ የንብረት መዝገብ ላይ አንድ መሆኑን ከግምጃ ቤቱ ሳትወጡ አመሳክሩ። የግምጃ ቤት ኃላፊው ለመስክ ከወጣ ቁልፉም አብሮ ይሄዳልና፣ ከመጫናችሁ በፊት ደውሉላቸው።