አንዱ ፕሮሰስ፣ ሁለቱ ስሞቹ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በሊኑክስ ላይ እየሠራ ያለ ፕሮግራም (ፕሮሰስ) የሚታይበትን ስም ስለ መቀየር ናቸው።

ከአዳማ የደወሉ አድማጭ፦ በፓይተን የጻፍኩት ፕሮግራም ሲነሣ 4 ልጅ ፕሮሰሶችን ይፈጥራል። ሁሉም «ፓይተን3» ተብለው ስለሚታዩ ሰርቨሩን ያጨናነቀው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። «ፒአርሲቲኤል» በሚባለው ጥሪ ስማቸውን ስቀይር ፕሮሰሶችን በሚዘረዝረው በ«ቶፕ» ላይ ተለወጠ፤ በሌላው ዘርዛሪ ትእዛዝ «ፒኤስ ኤዩኤክስ» ብዬ ሳይ ግን የድሮው መስመር እንዳለ ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም አላጠፉም፤ ከሁለቱ ስሞች አንዱን ብቻ ነው የቀየሩት። የመጀመሪያው ስም የሚቀመጠው በከርነሉ (በሊኑክስ እምብርት) ውስጥ፣ «ኮም» በሚባል የ16 ባይት ቦታ ሲሆን፣ የመጨረሻው ባይት ለመዝጊያው ዜሮ ስለሚያዝ ለስሙ የሚተርፈው 15 ባይት ነው። እርስዎ የተጠቀሙበት ጥሪ የሚቀይረው ይህንን ነው፤ ቶፕም በተለመደው አከፋፈቱ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ጥሪው የሚሠራው በጠራው ትሬድ (በፕሮሰሱ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱት የሥራ መስመሮች በአንዱ) ላይ ብቻ እንደሆነም አይርሱ፤ ከዋናው ትሬድ ውጭ ሆነው ከጠሩት የዚያ ትሬድ ስም ይለወጣል እንጂ የፕሮሰሱ ስም ባለበት ይቆያል።

ሁለተኛው ስም ግን ፕሮግራሙ ሲነሣ የተሰጠው የትእዛዝ መስመር ሲሆን፣ የሚገኘው በራሱ በፕሮሰሱ ሚሞሪ ውስጥ፣ ስታክ በሚባለው ክፍል ጫፍ ላይ ነው። ፒኤስ ኤዩኤክስ ይህንን መስመር ሲጠይቅ ከርነሉ ሌላ ቦታ የያዘው ቅጂ ስለሌለው ወደ ፕሮሰሱ ሚሞሪ ሄዶ በዚያ ሰዓት የተጻፈውን ያነብባል። ስለዚህ ፕሮግራሙ በዚያ ቦታ ላይ ሌላ ጽሑፍ ከደረበበት ፒኤስ የሚያሳየው አዲሱን ነው። ችግሩ የቦታው ጥበት ነው፤ ከትእዛዝ መስመሩ ቀጥሎ የኢንቫይሮመንት ተለዋዋጮች (ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚሰጡት ቅንብሮች) ስለሚመጡ፣ ከመጀመሪያው የረዘመ ስም የሚጽፍ ሰው እነርሱን ያበላሻል። የዌብ ሰርቨሩ ኤንጂንኤክስና የዳታቤዝ ሰርቨሩ ፖስትግሬስ የሚያደርጉት አስቀድመው ተለዋዋጮቹን ወደ ሌላ የሚሞሪ ቦታ ማዛወር፣ ከዚያም የተለቀቀውን ሰፊ ቦታ ለስሙ ማዋል ነው። አንድ የፖስትግሬስ ፕሮሰስ የተጠቃሚውን ስም፣ የዳታቤዙንና በዚያች ቅጽበት ሥራ ላይ ነው ወይስ ቦዝኖ የሚለውን ሁሉ በፒኤስ መስመሩ ላይ የሚያሳየው በዚህ ዘዴ ነው፤ እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ የስም አጠቃቀም አላየሁም። በቢኤስዲ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ለዚሁ ሥራ «ሴትፕሮክታይትል» የሚባል የተዘጋጀ ፈንክሽን አለ፤ በፓይተንም በዚሁ ስም የሚጠራ ፓኬጅ ስላለ በእጅ ከመሞከር እርሱን ቢጭኑና እያንዳንዱ ልጅ ፕሮሰስ ከተፈጠረ በኋላ ራሱን እንዲሰይም ቢያደርጉ ይሻላል።

ከባሕር ዳር የደወሉ አድማጭ፦ በዚሁ በፒአርሲቲኤል ጥሪ ስሙን በአማርኛ «ደመወዝ ማስያ» ብዬ ብሰይመው መጨረሻው ላይ የማይነበብ ምልክት መጣ። አማርኛ አይቀበልም ማለት ነው?

መልስ፦ ይቀበላል፤ ከርነሉ ግን የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። ፊደላት ወደ ባይት በሚለወጡበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ በ15 ባይት ውስጥ የሚገባው 5 ፊደል ብቻ ነው። «ደመወዝ» 12 ባይት ወሰደ፣ ክፍት ቦታው 13ኛውን ያዘ፣ ለ«ማ» የቀረው 2 ባይት ብቻ ስለሆነ ፊደሏ ከወገቧ ተቆረጠች። ከርነሉም ስህተት ተፈጠረ ብሎ አይነግርዎትም፤ ዝም ብሎ ይቆርጣል። «አገልጋይ» ቢሉት ግን ልክ 15 ባይት ሞልቶ ይገባል።

ከሐዋሳ የደወሉ አድማጭ፦ የይለፍ ቃል በትእዛዝ መስመር ላይ ተቀብዬ ወዲያው ብደርብበት በቂ ነው?

መልስ፦ በቂ አይደለም። ፕሮግራሙ ከተነሣበት እስከ ደረበበት ባለው ቅጽበት ሌላ ተጠቃሚ በፒኤስ ሊያየው ይችላል። የይለፍ ቃሉን ሌላ ተጠቃሚ ሊያነብበው ከማይችል ፋይል ቢቀበሉ ይሻላል።

ከአዲስ አበባ የደወሉ አድማጭ፦ በማስተዳድረው ሰርቨር ላይ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ «ኬወርከር» የሚል ፕሮሰስ ፕሮሰሰሩን ለሰዓታት ይዞታል። የከርነል ሥራ ነው ብዬ ልተወው?

መልስ፦ ስሙን አይተው አይተዉት። ፒኤስ ስሙን በቅንፍ የሚያስቀምጠው የትእዛዝ መስመሩ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ነው፤ የከርነል ትሬዶች ደግሞ የትእዛዝ መስመር የላቸውም። ነገር ግን ማንኛውም ፕሮግራም ራሱን ቅንፉን ጨምሮ እንዲህ ብሎ መሰየም ስለሚችል፣ ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) የሚቆፍሩ ሰርጎ ገቦች ይህን ስም ይወዱታል። በሩት (በዋና አስተዳዳሪ) መብት ገብተው በ«ፕሮክ» ፎልደር ውስጥ በፕሮሰሱ ቁጥር ሥር ያለውን «ኤግዚ» የተባለ ሊንክ ይመልከቱ። እውነተኛ የከርነል ትሬድ ከሆነ ሊንኩ የትም አያመለክትም፤ የወላጁም ቁጥር 2 ነው። ሊንኩ በጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ወዳለ ፋይል የሚያመለክት ከሆነ፣ ወይም ፋይሉ ተሰርዟል የሚል ምልክት ካለበት፣ ፕሮሰሱን ከመግደልዎ በፊት ያንኑ ሊንክ ወደ ሌላ ቦታ ይቅዱት፤ ፋይሉ ከዲስክ ላይ ቢሰረዝም ፕሮሰሱ እስካለ ድረስ ይዘቱ በዚያ በኩል ይገኛል።