ከቀዶ ሕክምና በፊት ለምን «እንዳትበላ» እንባላለን? ወተትስ ፈሳሽ አይደለም ወይ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምናወራው ስለ ባዶ ሆድ ነው። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ሁሉ «ከዚህ ሰዓት በኋላ ምንም እንዳትበላ» ይባላል። ለምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረውም። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደግሞ ትእዛዙን ይሸራርፋል። አልፈርድበትም፤ ምክንያቱን ግን ዛሬ ይዞ እንዲሄድ እፈልጋለሁ።

ትን ብሏችሁ ያውቃል? ውሃ እየጠጣችሁ ሳቅ ያመልጣችኋል፣ ውሃውም በማይገባበት ይገባል። ትንፋሽ ያጥራል፣ ዓይን ያነባል፣ ሳሉ አላቆም ይላል። ሰው ሁሉ ትንታን ይጠላል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። ትንታ ዘበኛ ነው! ጉሮሯችን ውስጥ ሁለት በሮች ተጠጋግተው አሉ፤ አንዱ ወደ ሆድ፣ አንዱ ወደ ሳንባ። ዘበኛው የቆመው በሳንባው በር ላይ ነው። እኛ እንቅልፍ ሲወስደን እንኳ እርሱ ሥራውን አይተውም። አንዲት ጠብታ ልታልፍ ስትል ይጮኻል፤ ጩኸቱ ሳል ነው። ይጮኻል፣ ይገፋል፣ ያስወጣል።

አሁን ጠቅላላ ማደንዘዣ ተሰጠ እንበል። እናንተ ተኛችሁ። ዘበኛውም ተኛ። የጨጓራን አፍ የሚዘጋው ጡንቻም ላላ። በጀርባችሁ ተንጋላችኋል። ከሆድ ምግብ ወደ ላይ ቢመለስ ማን ይጮኻል? ማንም። ምግቡ ከነአሲዱ፣ ጸጥ ብሎ፣ ሳንባ ይገባል። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም ከርቲስ ሜንደልሰን እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጥናት ከ44,016 እርግዝናዎች መካከል 66 እናቶች ላይ ይህ መድረሱን ጽፏል። አደጋው ዛሬም የሐኪሙን ስም ይዞ ይጠራል።

ለስንት ሰዓት እንደምትጾሙ ቶሎ ልበላችሁ፤ የሚቆጠረው ከበላችሁበት ወይም ከጠጣችሁበት ጊዜ አንሥቶ ማደንዘዣው እስከሚሰጥበት ድረስ ነው። ሥጋና ቅባት የበዛበት ምግብ 8 ሰዓት። ቀለል ያለ ምግብ 6። የእናት ጡት ወተት 4። ንጹሕ ፈሳሽ፣ ማለትም ውሃ ወይም ወተት የሌለው ሻይ፣ 2። ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳር ሕመምተኞችና ጨጓራቸው ቀስ ብሎ የሚፈጭ ሰዎች ግን ሐኪማቸው የሚነግራቸውን ሰዓት ይጠብቁ።

ካለፈው ቪዲዮ በኋላ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ወተት ፈሳሽ ነው፤ ታዲያ ልጄ ለምን አይጠጣም?» ይህን ሳልመልስ አላልፍም።

[ካሜራው ወደ ጠረጴዛው ይጠጋል]

ይህን ብርጭቆ እዩልኝ። ወተት ነው። ሎሚ እየጨመቅሁበት ነው። ትንሽ ጠብቁ። አሁን በማንኪያ ላንሣው፤ አያችሁ? ተበጣጠሰ። ነጫጩ ማንኪያው ላይ ቀረ፣ ውሃው ወደ ታች ወረደ። ጨጓራችን ውስጥ ያለው አሲድም ወተትን እንዲህ ያደርገዋል። ስትጠጡት ፈሳሽ ነው፤ ሆድ ሲገባ ጠጣር ይሆናል። ስለዚህ የላምም ሆነ የጣሳ ወተት እንደ ምግብ ተቆጥሮ 6 ሰዓት ይጠበቅለታል። የእናት ጡት ወተት ግን ሲረጋ ለስላሳ ስለሆነ ከሆድ ቶሎ ይወጣል። ሻይ ላይ ጠብ ያደረጋችኋት ወተትም ወተት ናት!

በተቃራኒው፣ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ተከልክሎ ማደር ያሳዝነኛል፤ በተለይ ለሕፃን። ጤናማ ሆድ ውሃን ቶሎ ያሳልፋል። ቀጠሮ ስትይዙ «ውሃ እስከ ስንት ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪም ፊት የሚዋጡ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ነው እዚህ የምናነሳው፤ አዲስ ከሆናችሁ የቻናላችን ቤተሰብ ሁኑ።

የምርመራ ጾም ምክንያቱ ሌላ ነው። የስኳር ምርመራ በባዶ ሆድ ሲባል ቢያንስ 8 ሰዓት ነው፤ ውሃ ይፈቀዳል። የሐሞት ከረጢት በአልትራሳውንድ ሲታይ ምግብ የሚከለከለው፣ ከበላችሁ ከረጢቱ ተጨምቆ ስለሚያንስ ነው።

ተሳስታችሁ ከበላችሁስ? ልጁ ሌሊት ተነሥቶ ከጠጣስ? ቀጠሮው እንዳይሰረዝ ብላችሁ አትደብቁ፤ እለምናችኋለሁ። ማደንዘዣ ሰጪው «መጨረሻ የበላው መቼ ነው?» ሲላችሁ ሰዓቱን ከነመጠኑ ንገሩት፦ «ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ ግማሽ ብርጭቆ ወተት።»