የዓርብ ማታው የብርቱካን ኬክ

እንደምን ሰነበታችሁ፣ ውድ አድማጮቼ? የዛሬው ወጋችን ባለፈው ዓርብ ማታ ጓደኞቼን እራት ጋብዤ ስለጋገርኩት የብርቱካን ኬክ ነው። እርግጥ ነው፣ በእኛ ዘንድ ማዕዱን የሚያሳርገው ቡና እንጂ ጣፋጭ አይደለም፤ ስለዚህ ለኬኩ ያሰብኩለት ቦታ ከሽሮውና ከምስር ወጡ ቀጥሎ ሳይሆን ከረከቦቱ አጠገብ፣ ዘወትር ፈንዲሻ በሚቀመጥበት ስፍራ ነበር።

መጀመሪያ ያሰብኩት አራት እንቁላልና ሩብ ኪሎ ቅቤ የሚገባበትን ኬክ ነበር። ቅቤውም አሥሩ እንቁላልም ተገዝቶ ካበቃ በኋላ፣ ሐሙስ ከሰዓት ላይ ከተጋባዦቹ አንዷ ደወለች፤ ስለ ሌላ ጉዳይ ብዙ አውርተን ልትዘጋው ስትል «ለመሆኑ ዓርብ መሆኑን አስበሽዋል?» አለችኝ። አላሰብኩትም ነበር። ከአምስቱ እንግዶቼ ሦስቱ ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙ ናቸው። ለእነሱ ፍራፍሬ ቆርጦ ማቅረብ ይቻል ነበር፤ ይሁን እንጂ አንድ ገበታ ከበው ግማሾቹ ኬክ ሲበሉ ግማሾቹ ሙዝ ሲልጡ ማየት ለእኔ ግብዣ ሆኖ አይታየኝም። ስለዚህ ኬኩ የጾም እንዲሆን ወሰንኩ።

እንቁላል ሊጡን ከመያዙም በላይ እንዲነፋ ያግዛል፤ እሱ ሲቀር ሥራውን የሚረከብ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ብርቱካን እዚህ ላይ ለመዓዛ ብቻ የሚገባ አይደለም፤ የጭማቂው ኮምጣጣነት ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ሊጡንም ከፍ የሚያደርገው ይኸው አየር ነው። አረፋው ሊጡ ከተደባለቀበት ደቂቃ አንስቶ መውጣት ስለሚጀምር ኦቨኑ አስቀድሞ መጋል አለበት፤ ሊጥ አዘጋጅቶ ስልክ ማንሳት አይሆንም።

ሐሙስ ማታ ለሙከራ የጋገርኩት ግን ኦቨን ውስጥ ሳለ ሽቅብ ተነፋና፣ ገና ሳላወጣው መሐሉ እንደ ወጥ ሳህን ጎደጎደ። ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ ነበር። የተከተልኩት አሠራር ግን የተጻፈው ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ ሳይሉ ለሚኖሩ ሰዎች ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በሊጡ ውስጥ ያለው አረፋም ዱቄቱ በስሎ ሳይጠና ከልኩ በላይ ያብጥና ይፈነዳል። በማግሥቱ ሶዳውን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ወደ ሦስት አራተኛ አወረድኩት። ስኳር ሊጡን ከመጥናት ስለሚያዘገየው ከአንዱ ኩባያ ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቀነስኩ፤ በአንድ ኩባያ ተኩሉ የፊኖ ዱቄት ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨመርኩና የኦቨኑን ሙቀት ከ175 ወደ 190 ዲግሪ ከፍ አደረግኩ። የቀረው አልተለወጠም፤ አንድ ኩባያ የብርቱካን ጭማቂ፣ አምስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ቆንጠር ጨው።

የሙከራው ኬክ ሌላም ጉድለት ነበረበት፤ አፍ ላይ ይመርር ነበር። ልጣጩን ስፈቀፍቅ ቸኩዬ እስከ ነጩ ክፍል ድረስ ስለዘለቅኩ ነው፤ ምሬቱ ያለው እዚያ ነው። መዓዛው ግን ያለው ላይ ላዩ ላይ፣ በቆዳው ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ባለው ዘይት ነው። ልጆች ሳለን መብራት ሲጠፋ የብርቱካን ልጣጭ በሻማ ላይ ጨምቀን ብልጭ ብልጭ ስናደርገው የሚነደው ይህ ዘይት እንደነበረ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ጭማቂ ብቻ የገባበት ኬክ ጣፋጭ ዳቦ እንጂ የብርቱካን ኬክ አይባልም፤ በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር ለመከራከር ዝግጁ ነኝ። የእኛ አገር ብርቱካን አረንጓዴ ሆኖ ሲያዩት ያልበሰለ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ቆዳው የሚቀላው ቅዝቃዜ ሲያገኘው ስለሆነ በቆላ የበቀለው አረንጓዴ እንደሆነ ሊበስል ይችላል። እኔም የመረጥኩት በመልኩ ሳይሆን በእጄ ስመዝነው ከበድ ያለውን ነው።

ዓርብ ዕለት የሁለት ብርቱካን ልጣጭ ላይ ላዩን ብቻ ፈቅፍቄ ከስኳሩ ጋር በጣቶቼ አሸሁት። ጥቂት እንደቆየ ስኳሩ እርጥብ አሸዋ መሰለ፣ ቢጫ ሆነ፣ ጎረቤት ሳይቀር የሚጠራ ሽታ ኩሽናውን ሞላው። ከ35 ደቂቃ በኋላ ስቴኪኒ ወጋሁበት፤ ንጹሕ ሆኖ ወጣ፣ መሐሉም አልጎደጎደም።

ኬኩ የቀረበው አቦሉ ሲቀዳ ነው። ያቺ የደወለችልኝ ጓደኛዬ አንድ ጉርሻ ቀምሳ ሹካዋን አስቀመጠችና «እንቁላል የለበትም ያልሽው ምለሽ ነው?» አለችኝ። መማሉን ትቼ የእንቁላሉን ሳህን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩላት። በጣቷ እየነካች እስከ አሥር ቆጠረች፤ ከዚያም አንድ ቃል ሳትናገር ቁራጯን ጨርሳ ሁለተኛውን አነሣች።