ቢሮው ለፈረንጅ ገና ሲዘጋ ፈቃዱ ከማን ይቆረጣል?

[ስክሪን ላይ፦ የዲሴምበርና የጃንዋሪ ካላንደር ጎን ለጎን]

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ቪዲዮ አሜሪካ ለምትሠሩ ነው።

በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ኢሜይል ይልካሉ። «ከዲሴምበር 25 እስከ ጃንዋሪ 1 ዝግ ነን፤ መልካም በዓል» ይላል። ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ሳይነግራችሁ ሊያልፍ ይችላል። የእነዚያ ቀናት ክፍያ ከየት ነው የሚመጣው? ከድርጅቱ ነው ወይስ ዓመቱን ሙሉ ካጠራቀማችሁት ፈቃድ?

ለእኛ ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። ጥምቀት ደግሞ ጃንዋሪ 19 ይከተላል። ፈቃዳችሁ በፈረንጅ ገና ተበልቶ ካለቀ፣ በራሳችሁ በዓል ሥራ ልትገቡ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ «በዓል ስለሆነ ይከፈለኛል?»]

ከሕጉ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አገር ቤት ሠርቶ የመጣ ሰው በዓል ማለት ክፍያ ያለው ዕረፍት ይመስለዋል። ልክ ነው፤ እዚያ እንደዚያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወር ደመወዝተኛ በዓል ስለዋለ ደመወዙ አይቀነስም። በበዓል የሠራም ለእያንዳንዱ ሰዓት ቢያንስ እጥፍ ይከፈለዋል።

አሜሪካ እንዲህ አይደለም። በ1938 የወጣው የፌዴራል የደመወዝና የሥራ ሰዓት ሕግ አሠሪው ላልተሠራ ሰዓት እንዲከፍል አያስገድድም። 11 የፌዴራል በዓላት አሉ፤ ግን የግል ድርጅትን እንዲዘጋም ሆነ እንዲከፍል አያስገድዱትም። «በበዓል የገባ ታይም ኤንድ ሃፍ (አንድ ተኩል እጥፍ ክፍያ) ያገኛል» የሚባለውም በአብዛኛው የድርጅቱ ፖሊሲ እንጂ የፌዴራል ሕግ አይደለም። የፌዴራሉ ኦቨርታይም የሚመጣው በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ስትሠሩ ነው። እንደ ሮድ አይላንድ ያሉ በዚህ ላይ የራሳቸው ሕግ ያላቸው ግዛቶች አሉ፤ ስለዚህ የምትኖሩበትን ግዛት ሕግ ተመልከቱ።

[ስክሪን ላይ፦ ዲሴምበር 25፣ 2026 — ዓርብ። ጃንዋሪ 1፣ 2027 — ዓርብ]

አሁን በቁጥር እንየው። በ2026 ዲሴምበር 25 ዓርብ ላይ ይውላል። ጃንዋሪ 1ም ዓርብ ነው። ድርጅቱ ሁለቱን ዓርቦች በበዓልነት ይከፍላል እንበል። በመሃል ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ አሉ። በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 32 ሰዓት ማለት ነው። የእነዚህን ቀናት ወጪ ማን ይሸከማል?

በሰዓት የሚከፈላችሁ ከሆነ፣ ድርጅቱ በራሱ ውሳኔ ካልከፈለ ወይም ከፈቃዳችሁ ካልተቆረጠ በቀር ለእነዚያ 32 ሰዓታት ምንም አይገባችሁም። ኦቨርታይም የማይመለከታችሁ ደመወዝተኛ ከሆናችሁ ግን ነገሩ ይለያል። በዚያ ሳምንት ሥራ ከሠራችሁ፣ «ቢሮው ዝግ ነበር» ተብሎ ደመወዛችሁ አይቀነስም፤ የሳምንቱ ሙሉ ይከፈላችኋል። ሳምንቱ በሙሉ ተዘግቶ ምንም ካልሠራችሁ ነው ድርጅቱ ያለመክፈል መብት ያለው። «ሳላሪ ላይ ነኝ» ማለት ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሥራው ዓይነትም ይታያል።

ከዚህ ጋር የምትሄድ አንዲት ነገር አለች። ቢሮው ዝግ ሆኖ ማናጀሩ ቤታችሁ ድረስ ኢሜይል እየላከ ካሠራችሁ፣ ያ ሥራ ነው። በሰዓት የሚከፈለው ሰው ያንን ሰዓት መዝግቦ ክፍያውን መጠየቅ አለበት። «በዓል ነው፣ ልተውለት» አትበሉ።

አሠሪው «እነዚያን አራት ቀናት ከፈቃዳችሁ እቆርጣለሁ» ማለት ይችላል ወይ? የፌዴራሉ ሕግ አይከለክለውም። በእኔ እምነት ግን ተገቢ አይደለም። ለመዝጋት የወሰነው ድርጅቱ ነው። መብራትና ማሞቂያ የሚቆጥበውም እሱ ነው። ሠራተኛው ለእናቱ ሕመም ወይም አገር ቤት ደርሶ ለመምጣት የያዘውን ቀን፣ ባልመረጠው ሳምንት እንዲጨርስ ማድረግ ከባድ ነው። ምግብ ቤት፣ ክሊኒክ ወይም የሆም ኬር ድርጅት ያላችሁ ወገኖች፣ ይህን አስቡበት። ሙሉውን መክፈል ካልቻላችሁ ግማሹን ተካፈሉ። አዲስ የገባና ገና ፈቃድ ያላጠራቀመ ሰው ካለ፣ ወይ አበድሩት ወይ ገብቶ የሚሠራው ሥራ ፈልጉለት። የመዝጊያውን ቀን ደግሞ በዓመቱ መጀመሪያ ንገሯቸው፤ ኖቬምበር ላይ መስማት ምንም አይጠቅማቸውም።

[ስክሪን ላይ፦ ጃንዋሪ 6 ማታ፣ ጃንዋሪ 7]

ወደ ገና እንምጣ። እዚህ ላይ ሕጉ ይደግፋችኋል።

የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ የሠራተኛውን ሃይማኖታዊ ጥያቄ እንዲያስተናግድ ያዛል። ለረጅም ጊዜ አሠሪዎች ትንሽ ወጪ ጠቅሰው እምቢ ይሉ ነበር። በጁን 2023 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሁድ አልሠራም ባለው የፖስታ ሠራተኛ በጄራልድ ግሮፍ ጉዳይ ላይ መለኪያውን በአንድ ድምፅ ከፍ አደረገው። አሁን አሠሪው እምቢ ለማለት ጥያቄው በሥራው ላይ ከባድ ጫና እንደሚፈጥር ማሳየት አለበት። ይህ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ነው፤ ለዒድም ይሠራል።

ሕጉ የሚያመቻችላችሁ ግን ቀኑን እንጂ ክፍያውን አይደለም። ያለ ክፍያ ኦፍ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ሺፍት እንድትቀያየሩም ሊያደርጉ ይችላሉ። ምርጫው የግድ የእናንተ አይሆንም። ፈቃድ መቆጠብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ቀኑም ክፍያውም እንዳያመልጣችሁ።

ሆስፒታል፣ ኤርፖርትና ሆቴል የሚሠሩ ሐበሾች ጥሩ ዘዴ አላቸው። «የፈረንጅ ገና እኔ ልግባ፣ ጃንዋሪ 7ን ስጡኝ» ይላሉ። ዲሴምበር 25 ሁሉም ኦፍ የሚፈልግበት ቀን ስለሆነ ማናጀሩም የሥራ ባልደረባውም በደስታ ይቀበላሉ። ቢሮው የሚዘጋባችሁ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም። ያኔ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በዝግ ቀናት ከቤት መሥራት እችላለሁ? ፍሎቲንግ ሆሊዴይ አለን? የኋለኛው ሠራተኛው ራሱ የሚመርጠው የበዓል ቀን ነው። በመመሪያው ላይ ተጽፎ ማንም ሳይጠይቀው የሚቀርበት ቦታ አለ።

ስትጠይቁ በጽሑፍ ይሁን፤ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ። «ገና አልፏል አይደል?» የሚል ማናጀር አይጠፋም። ኦርቶዶክስ ክሪስማስ ብላችሁ ጻፉለት፤ ኤርትራውያን፣ ግብፃውያን ኮፕቶች፣ ሰርቦችና ሩሲያውያንም በዚያው ቀን እንደሚያከብሩ ጨምሩበት። የጃንዋሪ 6ን ማታም አትርሱ። ቅዳሴው ሌሊቱን ነው። በጠዋት ሺፍት ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መግባት ይከብዳል፤ የ6ን ማታ ሺፍትም አብራችሁ ጠይቁ።

ስለ ቀኑ አንድ ማሳሰቢያ። ገና ዘመነ ዮሐንስ ላይ ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው። ጥምቀት ግን ጥር 11ን አይለቅም፤ በዘመነ ዮሐንስ ጃንዋሪ 20 ይሆናል። ቀጣዩ በ2028 ነው። የዓመት ፈቃድ ፎርም ስትሞሉ ይህን አትዘንጉ።

[ስክሪን ላይ፦ 180 ቀን / 300 ቀን]

ጠይቃችሁ እምቢ ከተባላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ኢሜይሎቹን አስቀምጡ። አቤቱታ የሚቀርበው ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ነው። ጊዜው ከተከለከላችሁበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ነው። ግዛታችሁ ወይም ከተማችሁ ተመሳሳይ ሕግና መሥሪያ ቤት ካለው ወደ 300 ቀን ይረዝማል። በመጠየቃችሁ ወይም በማመልከታችሁ ሰዓት መቀነስም ሆነ ማባረር በሕግ የተከለከለ ነው።