ከ«የመጀመሪያዋ» ቀጥሎ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ማርች 8፣ የሴቶች ቀን፣ በመጣ ቁጥር ውስጤ የሚመላለስ ነገር አለ፤ ዘንድሮ ሳልናገረው አይለፍ ብዬ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቀኑ እንዴት እንደሚከበር ካምፓስ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አዳራሹ ላይ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል። አንድ ኃላፊ መድረክ ላይ ይወጡና «ሴት እናት ናት፣ ሴት እህት ናት፣ ሴት ሚስት ናት» ይላሉ። ይጨበጨባል። ከዚያ የመጀመሪያዋ ዲን፣ የመጀመሪያዋ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ የመጀመሪያዋ ፕሮፌሰር እየተባለ ስም ይነበባል። አሁንም ይጨበጨባል፣ ወደ ሻይ ቡና ይኬዳል።

በዓሉ ይከበር፤ እኔም ደስ ይለኛል። የሚከነክነኝ ከ«የመጀመሪያዋ» ቀጥሎ ያለው ዝምታ ነው። ይህቺ ሴት ምን አጠናች? ምን አገኘች? የሠራችው ለማን ጠቀመ? አዳራሹን ሞልተን ከምንወጣው ሰዎች ስንቶቻችን ይህን እንመልሳለን?

ፕሮፌሰር የዓለምፀሐይ መኮንንን ልውሰድ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ያስተማሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በአገራችን የመጀመሪያዋ ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑ ምሁር ናቸው። ስማቸውን ብዙ ሰው ሰምቶታል። ሥራቸውን ግን የሰማው ጥቂት ነው፤ እኔ ደግሞ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው።

እሳቸው ካጠኗቸው ነገሮች አንዱ ሽፈራው ነው። ኮንሶ ወይም አርባ ምንጭ አካባቢ የሄደ ሰው ዛፉን ያውቀዋል፤ በየጓሮው ይተከላል፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል። እናቶች ለዘመናት ያበሰሉትን ይህን ቅጠል ፕሮፌሰሯ ወደ ላቦራቶሪ ይዘውት ገቡ። ጭማቂውን በትሪፓኖሶማ ላይ ሞከሩት። ትሪፓኖሶማ ማለት ከብቶቻችንን ገንዲ የሚያስይዘው የጥገኛ ተሕዋስ ወገን ነው። እስኪ አስቡት፣ አንዲት ገበሬ ጓሮ ያለው ዛፍና በረቷ ያለው በሽታ አንድ የምርምር ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ።

ሌላም አለ። በእርሻዎች ላይ ፀረ ተባይ የሚረጩ ሠራተኞችን ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተዋል። ሰዎቹ በጀርባቸው ስለተሸከሙት ኬሚካል ምን ያውቃሉ? ሲረጩ ራሳቸውን በምን ይከላከላሉ? ሳንባቸውስ እንዴት ነው? ትንፋሻቸው ተለክቶ በሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። በቀን ሥራ የሚተዳደር፣ ስለ ጤናው ጠያቂ የሌለው ሰው ያለበት ሁኔታ ተጽፎ ተቀመጠ። ይህ ከመድረክ ቢነገር፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው የፍሬሽማን ተማሪ ልቧ የሚነሳ ይመስለኛል። «እኔም እንዲህ ያለ ጥያቄ ልጠይቅ እችላለሁ ማለት ነው?» ትላለች።

ወደ ዓመቱ ልመለስ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1950 ነው የተጀመረው። አንዲት ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር እስክትሆን 59 ዓመት አለፈ። ለእሳቸው ስናጨበጭብ ያንን 59 ዓመትም አብረን ልንጠይቀው ይገባል፤ ምክንያቱም ቁጥሩ የተቋሙ ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ጎበዝ ሴት ጠፍታ ነው የሚለኝ ካለ አላምነውም።

እኔ የተማርኩበት ግቢ የነበረውን ልንገራችሁ። ላቦራቶሪ በቡድን እንመደባለን። አምስት ልጆች ካሉ አንዷ ሴት ናት። መሣሪያውን የሚነካው ወንዱ ነው፣ የሚለካው ወንዱ ነው፤ ለሷ «አንቺ ሪፖርቱን ጻፊ፣ ጽሑፍሽ ያምራል» ይሏታል። ክፋት የለበትም፣ እንዲያውም እንደ ምስጋና ነው የሚነገረው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ግን አምስቱም ያንኑ ውጤት ይዘው፣ መሣሪያውን የሚያውቁት አራቱ ናቸው።

ያቺው ልጅ ተመርቃ መምህርት ሆና ብትቀር ደግሞ ነገሩ መልኩን ቀይሮ ይጠብቃታል። ስብሰባ ሲጀመር «ቃለ ጉባኤ እሷ ትያዝ» ይባላል። ሰው የሚናገረውን ስትጽፍ የራሷን ሐሳብ መቼ ትናገር? ከዚያ ደግሞ «ኮሚቴው ውስጥ ሴት ትኑርበት» የሚል መመሪያ ይመጣል። መመሪያው ጥሩ ነው። ነገር ግን ትምህርት ክፍሉ ውስጥ ያለችው ሴት አንድ ብቻ ከሆነች፣ የግዥው ኮሚቴ እሷ፣ የዲሲፕሊኑ እሷ፣ የምረቃው እሷ፣ የእንግዳ አቀባበሉም እሷ ትሆናለች። የወንድ ባልደረባዋ ከሰዓት በኋላውን ለምርምሩ ሲያውል የሷ ከሰዓት በኋላ በስብሰባ ያልቃል። የደረጃ ዕድገት ሲመጣ የሚቆጠረው የታተመ ጽሑፍ ነው። እሷ ወልዳ ያጠባችበትን፣ ማታ ልጅ አስተኝታ ፈተና ያረመችበትን ጊዜ ገና አላነሳሁም።

ስለዚህ አመራር ሲባል የዲን ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ፎቶ ብቻ አይታየኝም። የሴት መምህርትን ጊዜ ማን ይጠብቃል የሚለው ጥያቄ ነው የሚመጣብኝ። ጥሩ የትምህርት ክፍል ኃላፊ «ሁለት ኮሚቴ ይበቃታል» ብሎ ሲከራከርላት አይቻለሁ። ያ ሰው አበባ ይዞ አልመጣም፣ ግን ለእኔ ማርች 8ን በደንብ ያከበረው እሱ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር፤ አፈርማቲቭ አክሽን፣ ማለትም ሴቶች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የሚደረግላቸው የነጥብ ድጋፍ። ዶርም ውስጥ፣ ላይብረሪ በር ላይ፣ ካፌ ሰልፍ ላይ «አንቺማ በአፈርማቲቭ ነው የገባሽው» ያልተባለች ሴት ተማሪ ታድላለች። ይህ ነገር ልመና አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ የተጻፈ መብት ነው፤ ሴቶች በታሪክ የደረሰባቸው የበታችነት ታስቦ ተጨማሪ የድጋፍ እርምጃ ይገባቸዋል ይላል። ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ታናናሾቿን አጥባ ማታ በኩራዝ ያጠናችን ልጅ፣ ከትምህርት ቤት መጥቶ ደብተሩን ብቻ ከሚገልጥ ልጅ ጋር በአንድ ነጥብ መለካት ነው እንጂ ያልተስተካከለው። ገብታ የምትሠራው ፈተናም ወንዱ የሚሠራውን ነው።

ዶክተር ሰገነት ቀለሙን አስቡ። የፍኖተ ሰላም ልጅ ናቸው፣ ከአካባቢያቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት። ይኸው እኔም «የመጀመሪያዋ» አልኩ፤ ግን እዚህ አላቆምም። በልጅነታቸው የአንበጣ መንጋ የመንደራቸውን ሰብል ሲያወድም አይተዋል፤ ግብርናን እንዲማሩ የገፋቸውም እሱ መሆኑን ተናግረዋል። አሜሪካ ተምረው ኮሎምቢያ በከብት መኖ ሣር በሽታዎች ላይ ለዓመታት ሠሩ፤ በሣሩ ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩ፣ ለሣሩም የሚጠቅሙ ፈንገሶችን አጠኑ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ናይሮቢ ያለውን ኢሲፔን፣ ማለትም ስለ ነፍሳት የሚያጠናውን ዓለም አቀፍ ማዕከል፣ በዋና ዳይሬክተርነት መሩ። አንበጣ እህላቸውን የበላባቸው ልጅ ስለ ነፍሳት የሚመራመሩ ሳይንቲስቶችን መሩ። ይህን ታሪክ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ብናወራው እንዴት ባማረ!

የትነበርሽ ንጉሤንም ሳልጠቅስ አልሄድም። በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር የሆነች የወሎ ልጅ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረች። እዚያው ሳለች የዩኒቨርሲቲውን የሴት ተማሪዎች ማኅበር መሥርታ መራች። እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ስትቀበል ብዙዎቻችን አጨበጨብን። እኔን የሚነካኝ ግን የቀደመው ነው። ሹመት ሳትጠብቅ፣ ገና በተማሪነቷ፣ ሌሎች ሴት ተማሪዎችን ሰብስባ ማኅበር አቆመች። አመራር ከቢሮ በፊት ዶርም ውስጥ ሊጀመር እንደሚችል ከሷ ነው ያየሁት።

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገው ይህ ነው። ያስተማረቻችሁን ወይም አሁን የምታስተምራችሁን አንዲት መምህርት አስቡ። የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ጥናቷ በምን ላይ እንደነበር ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ቢሮዋ ሄዳችሁ ጠይቋት፣ ጽሑፏንም እንድትሰጣችሁ ለምኗት። ከዚያ በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልኝ፤ ስሟ እንዲጠራ ፈቃዷን ጠይቃችሁ። ስምና ማዕረግ ብቻ ከሆነ አላስተላልፈውም፤ ምን እንደሠራች ንገሩኝ። የሚቀጥለውን ክፍል በእናንተ ድምፅ እሠራዋለሁ። ደኅና ሰንብቱልኝ።